የጀርመኖች የገና ብስኩትና የእናቶቻችን ባልትና

ከ12ኛ ክፍል ተማሪ

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚለውን የአባቶቻችንን ምሳሌ ሰምቶ የማያውቅ ተማሪ በትምህርት ቤታችን ውስጥ የሚገኝ አይመስለኝም። ምሳሌው እውነት ነው፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ያለ ቦታው ይጠቀሳል። አንድ ሰው ከውጭ አገር የመጣ ጥሩ ነገር ለመማር ሲነሣ፣ ሌላው ይህን ምሳሌ አንሥቶ ዝም ያሰኘዋል። በዚህ ዓመት በክፍላችን ውስጥ በአንድ ትንሽ ነገር ላይ እንዲህ ያለ ክርክር ተነሥቶ ነበርና፣ ያን ጊዜ በአጭሩ የተናገርሁትን ዛሬ በመጽሔታችን ላይ ሰፋ አድርጌ ለመጻፍ አሰብሁ።

የክርክሩ ርእስ ብስኩት ነበር። «ስለ ብስኩትም መጽሔት ላይ ይጻፋልን?» የሚል አንባቢ ቢኖር ጥቂት እንዲታገሠኝ እለምነዋለሁ። ብስኩቱ ጀርመኖች በገና ሰሞን በየቤታቸው የሚጋግሩት፣ ማርና ቅመም የበዛበት ብስኩት ነው። ጥያቄውም፣ «የራሳችን ገና፣ የራሳችን ድፎ ዳቦ እያለን ይህን ብስኩት በቤታችን ብንጋግር ይገባልን?» የሚል ነበር። ከጓደኞቼ የሚበዙት «ኩረጃ ነው» አሉ። እኔ ግን ይገባል እላለሁ፤ ይልቁንም በሚገባ ከጋገርነው የራሳችንን ዳቦ ከመጥፋት የሚያድን ትምህርት እናገኝበታለን ብዬ አምናለሁ። ምክንያቴን በተራ አቀርባለሁ።

በመጀመሪያ ይህ ብስኩት ወደ እኛ ሰፈር እንዴት እንደ መጣ ልናገር። የምንኖረው በየካ፣ ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ ነው። ከእኛ ወደ ታች ሲወርዱ ቀበና ይገኛል፤ በቀበናም የጀርመን ኤምባሲ አለ። ኢትዮጵያና ጀርመን የወዳጅነትና የንግድ ውል የተዋዋሉት በ1897 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ ፍሪድሪኽ ሮዘን የተባለው መልእክተኛ ወደ አዲስ አበባ በመጣ ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ የጀርመን ቤተ ሰቦች በከተማችን ተቀምጠዋል፤ ከሰፈራችን ሰዎችም በየቤታቸው በወጥ ቤትነት፣ በአትክልተኛነትና በዘበኝነት የሠሩ አሉ።

ከእነዚህ አንዷ ጎረቤታችን ናቸው። ስማቸው እንዲጠቀስ ስላልፈለጉ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ እማማ እያልሁ እጠራቸዋለሁ። እማማ በአንድ የጀርመን ቤተ ሰብ ቤት ብዙ ዓመት በወጥ ቤትነት ሠርተው አሁን በቤታቸው ተቀምጠዋል። ከዚያ ቤት ይዘውት ከወጡት ነገር ሁሉ የሚያከብሩት አንድ ጠርዙ ያለቀ ደብተር ነው። የቤቱ እመቤት እየነገረቻቸው በራሳቸው እጅ ጽሑፍ፣ በአማርኛ የጻፉት የጋገራና የወጥ ደብተር ነው። ኬኩ፣ ሾርባው፣ የገናው ብስኩት፣ ሁሉም በተራ ተጽፎበታል፤ ዱቄቱ ስንት ግራም እንደ ሆነ፣ ስንት ደቂቃ እሳት ላይ እንደሚቆይ ሳይቀር ይገኛል።

ደብተሩን ከዳር እስከ ዳር ካገላበጥሁት በኋላ፣ «እማማ፣ የእርስዎ ድፎ ዳቦ የት ገጽ ላይ ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እርሳቸውም ሣቅ ብለው፣ «የኔማ ምኑ ይጻፋል፣ ልጄ? እጄ ያውቀው የለም እንዴ!» አሉኝ።

የጽሑፌ ዋና ነገር ይህ የእማማ መልስ ነው። የባዕዱ ምግብ በግራም ተለክቶ ተጻፈ፤ የራሳቸው ግን፣ ሰፈሩ ሁሉ የሚያደንቀው ዳቦ፣ አንድ መስመር እንኳ አላገኘም። የጻፉት ሴት ጽሕፈት አጥተው አይደለም፤ ደብተርም ብዕርም ነበራቸው። የጎደለው የእርሳቸው እውቀት መጻፍ የሚገባው መሆኑን የነገራቸው ሰው ነው።

እጅ የሚያውቀው ነገር እጅ ሲያርፍ አብሮ ያርፋል። ይህን በቤታችን አይተነዋል። የእናቴ እናት ከሦስት ዓመት በፊት ዐርፈዋል፤ ነፍሳቸውን ይማርልንና፣ ለገና የሚጋግሩት ድፎ ዳቦ መዓዛው ከአጥር ውጭ ይሰማ ነበር። እናቴ ያንኑ ስንዴ፣ ያንኑ ኮባ፣ ያንኑ ምጣድ ይዛ በየበዓሉ ትጋግራለች። ዳቦዋ ጥሩ ዳቦ ነው፤ ነገር ግን በቆረሰችው ቁጥር፣ «አንድ ነገር ጐድሎታል፤ ምን እንደ ሆነ ግን አላገኘሁትም» ትላለች። ጥቁር አዝሙዱ ይሁን፣ ኮረሪማው ይሁን፣ ሊጡ የሚያድርበት ሰዓት ይሁን፣ የሚጠየቅ ሰው የለም። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የሚለውን እኛ የምንጠቅሰው ስለ ታላላቅ ሊቃውንት ነው፤ ስለ እናት ሌማት ግን አስበነው አናውቅም።

አሁን ወደ ብስኩቱ ልመለስ። የጀርመኖች የገና ብስኩት ዓይነቱ ብዙ ነው፤ ከሁሉ የታወቀው ግን ሌብኩኽን የሚባለው ነው። በማር የተለወሰ የቅመም እንጎቻ ብንለው ከእውነቱ አንርቅም። ስለ ጋጋሪዎቹ የሚናገር ጽሑፍ በኡልም ከተማ በ1296፣ በኑረንበርግ ከተማም በ1395 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ይገኛል። ኑረንበርግ በዚህ ሙያ ስመ ጥር የሆነችበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው፣ በከተማይቱ ዙሪያ ያለው ደን ብዙ ማር የሚቆረጥበት ነበር፤ ሁለተኛው፣ ከቬኒስ ወደ ሰሜን የሚሄደው የቅመም ንግድ በእርሷ በኩል ያልፍ ነበር። ቀረፋው ከሴሎን፣ ቅርንፉዱና ገውዙ ዛሬ የኢንዶኔዥያ ክፍል ከሆኑት ደሴቶች ይመጣ ነበር። የከተማይቱ የሌብኩኽን ጋጋሪዎችም በ1643 ከተራ ዳቦ ጋጋሪዎች ተለይተው የራሳቸው የሙያ ማኅበር እንዲኖራቸው ተፈቀደላቸው።

በጀርመንኛ ቋንቋ መጀመሪያ የታተመው የወጥ ቤት መጽሐፍም በዚያችው በኑረንበርግ በ1485 ታትሞ ነበር። ባልትናን ጽፎ ማስቀመጥ በዚያ ሀገር የቆየ ልማድ ነው ማለት ነው። የኑረንበርግ ብስኩት ተራራና ባሕር ተሻግሮ ቀበና የደረሰው ከእኛ ዳቦ ስለሚጣፍጥ አይደለም፤ ልኩ በወረቀት ላይ ሊቀመጥ ስለ ቻለና የማታውቀው ሴት እንኳ አንብባ ልትጋግረው ስለምትችል ነው። የአያቴ ዳቦ ግን ከሰፈራችን ሳይወጣ ቀረ።

ለእኛ ይልቁንም የሚያስደንቀው የጾሙ ነገር ነው። ጀርመኖችም በጥንት ዘመን እንደ እኛ ከገና በፊት ይጾሙ ነበር፤ በጾሙም ቅቤ የተከለከለ ነበር። በሳክሶኒ አገር ሽቶለን የሚባለውን የገና ዳቦ ያለ ቅቤ በዘይት ይጋግሩት ነበር፤ ዘይቱ ግን ለእነርሱ የማይመች ስለ ነበር መሳፍንቱ ለሮማው ጳጳስ አቤቱታ አቀረቡ። በ1491 ጳጳሱ ኢኖሰንት 8ኛ፣ ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ ገንዘብ እየከፈሉ በቅቤ እንዲጠቀሙ ፈቀዱላቸው። ያ ደብዳቤ እስከ ዛሬ «የቅቤ ደብዳቤ» ይባላል። ሌብኩኽን ግን ጥንት በማር፣ በዱቄትና በቅመም የሚለወስ ስለ ነበር ያለ ቅቤም ይሠራል።

ይህን ሳነብ የእኛ የነቢያት ጾም ትዝ አለኝ። ጾሙ ኅዳር 15 ይገባል፤ ገና ሲደርስ ይፈታል። ፈረንጆች ገናቸውን የሚያከብሩበት ቀን ብዙውን ጊዜ በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 16 ላይ ይውላል፤ ያን ጊዜ እኛ በጾም ላይ ነን። ስለዚህ ዛሬ በዕንቁላልና በቅቤ የሚሠራው የፈረንጅ ብስኩት በዚያ ሰሞን ለጾመኛ ቤት አይሆንም። የጥንቱ የማር ብስኩት ግን ያለ ዕንቁላልና ያለ ቅቤ ሲለወስ ከጾማችን ጋር አይጣላም። «የፈረንጅ ነገር ከሃይማኖታችን ያርቀናል» የሚሉ ጓደኞቼ ይህን ቢመረምሩ፣ የጥንቱ ብስኩት ከዛሬው ይልቅ ለእኛ የቀረበ ሆኖ ያገኙታል።

ቅመሙም ቢሆን ለእኛ እንግዳ አይደለም። ወደ ሾላ ገበያ ወርዶ ከቅመም ሻጮቹ ፊት የቆመ ሰው ቀረፋውን፣ ቅርንፉዱን፣ ዝንጅብሉን፣ ድንብላሉን፣ ገውዙን በአንድ ቦታ ያገኘዋል። ጀርመኖች በብስኩታቸው የሚጨምሩት የሕንዱን ሄል ነው፤ እኛ ግን በእርሱ ፈንታ በከፋና በሌሎችም የደቡብ ምዕራብ ደኖቻችን ከቡናው ጋር የሚበቅለው ኮረሪማ አለን። መዓዛው ከሄል ለስለስ ያለ ነው፤ ከማር ጋር ሲገናኝም እጅግ ይስማማል። ማሩንም ከሩቅ አናስመጣም፤ አገራችን በአፍሪካ ብዙ ማር ከሚገኝባቸው አገሮች የመጀመሪያይቱ ናት።

ከዚህም ሌላ ጀርመኖች በጥንት ጊዜ ከሩቅ የመጣውን ቅመም ሁሉ በደፈናው «ፕፌፈር» ማለት ቁንዶ በርበሬ ይሉት ነበር። ስለዚህ ትንንሾቹን ድቡልቡል የገና ብስኩቶች «ፕፌፈርኑሰ» ማለት «የቁንዶ በርበሬ ለውዝ» ብለው ሰየሟቸው። እኛ ደግሞ ሊጡን በቅመም ለውሰን፣ ትንንሽ አድርገን ቆርጠን እናምስና «ዳቦ ቆሎ» እንለዋለን። አንዱ ሕዝብ በለውዝ፣ ሌላው በቆሎ መሰለው እንጂ አሳቡ አንድ ነው። ለመንገደኛ ስንቅ፣ ለልጆች እፍኝ፣ ለእንግዳ ከቡና ጋር የሚቀርብ፣ ሳይበላሽ ብዙ ቀን የሚቆይ ነገር ነው።

እንግዲህ አሠራሩን ልጻፍ፤ ስለ መጻፍ እየተከራከርሁ ሳልጽፈው ብቀር ነገሬ ከንቱ ይሆናልና። ከእማማ ደብተር ተነሥተን፣ ዕንቁላሉንና ቅቤውን አስቀርተን፣ ለጾም እንዲስማማ አድርገን የሠራነው ይህ ነው።

ግማሽ ኪሎ የስንዴ ዱቄት፤ ሩብ ኪሎ ማር፤ 100 ግራም ስኳር፤ 4 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፤ አንድ የቡና ሲኒ ውሃ፣ ይኸውም 70 ሚሊ ሊትር ያህል፤ 2 የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ቀረፋ፤ አንድ አንድ የሻይ ማንኪያ ኮረሪማና ዝንጅብል፤ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ድንብላል፤ ሩብ የሻይ ማንኪያ ቅርንፉድ፤ ጥቂት ገውዝና ጨው፤ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የዳቦ ሶዳ። ማሩን፣ ስኳሩን፣ ዘይቱንና ውሃውን በቀስታ እሳት ላይ አድርጎ ስኳሩ እስኪሟሟ ማማሰል ነው፤ መፍላት የለበትም። ለብ ሲል ዱቄቱን ከቅመሙና ከሶዳው ጋር ቀላቅሎ ማቡካት፤ ከዚያም ከድኖ ማሳደር። በታኅሣሥ ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ የታወቀ ስለሆነ ማቀዝቀዣ የሌለው ሰው አይቸገርም። በማግሥቱ ሊጡን የጣት ውፍረት ባልሞላ ልክ ዳምጦ በብርጭቆ አፍ እየቆረጡ፣ ምድጃው 175 ዲግሪ ሲደርስ ከ12 እስከ 14 ደቂቃ መጋገር ነው። ገና ለስለስ እንዳለ ይወጣል፤ ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል። በቆርቆሮ ዕቃ ከአንድ የፖም ቁራጭ ጋር ተከድኖ አንድ ሳምንት ሲቀመጥ መልሶ ይለሰልሳል፤ ቅመሙም ይዋሐዳል። ስለዚህ ጀርመኖች ከበዓሉ ሳምንታት አስቀድመው ይጋግሩታል፤ ጥበቃውም የበዓሉ ክፍል ነው።

«የኤሌክትሪክ ምድጃ የሌለው ምን ያድርግ?» የሚል ቢኖር፣ መልሱ በእናቶቻችን እጅ ነው። ድፎ ዳቦ የሚበስለው እሳት ከላይ፣ እሳት ከታች ሆኖ አይደለምን? ብስኩቱም በትሪ ተደርድሮ በሁለት ምጣድ መካከል፣ ከታች በስሱ እሳት፣ ከላይ በጥቂት ፍም ይበስላል። እናቴ ይህን አድርጋ አሳይታናለች። የምጣዱንም ሙቀት የምታውቀው ጥቂት ዱቄት በትና ዱቄቱ ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚጠቁር በማየት ነው።

በሶዳው ልክ ላይ ግን አንድ ነገር መናገር አለብኝ። በእማማ ደብተር የተጻፈው አንድ ሙሉ የሻይ ማንኪያ ነበር። ይህ ልክ የመጣው ከባሕር ወለል በላይ 300 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ካሉት እንደ ኑረንበርግ ካሉ ከተሞች ነው። አዲስ አበባ ግን 2,400 ሜትር ያህል ላይ ናት፤ የእንጦጦ ራስ ደግሞ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። በፊዚክስ ትምህርታችን እንደ ተማርነው ከፍታ ሲጨምር የአየር ግፊት ይቀንሳል። ስለዚህ በዝቅተኛው አገር በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ በእኛ ከተማ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ሶዳው የሚያወጣው ጋዝም በእኛ ዘንድ ይበልጥ ይለጠጣል። ይህን ለማየት ሊጡን በሦስት ከፍለን፣ አንዱን በሙሉው ልክ፣ ሁለተኛውን በግማሹ፣ ሦስተኛውን በሩቡ ሶዳ ጋገርን። ሙሉ ሶዳ ያለበት ፈጥኖ ተነፋና መካከሉ ሰረጐደ፤ የሶዳ ጣዕምም ነበረው። ሩብ ያለበት ጠጣር ሆነ። ግማሽ ያለበት መልኩን ጠብቆ ወጣ። እማማም በደብተራቸው ላይ ካለው ቁጥር አጠገብ «ለየካ ግማሽ» ብለው በቀይ ጻፉበት።

በዚያ ደብተር ላይ ከራሳቸው እውቀት የተጻፈው የመጀመሪያው ቃል ይህ ነው። ከዚያ ወዲያ ነገሩ ቀላል ሆነ። «እንግዲያው የድፎውንም እንለካው» አልናቸው። በመጀመሪያ «ቀልደኞች!» ብለው ነበር፤ ኋላ ግን እሺ አሉን። ዱቄቱን በእፍኛቸው እየዘገኑ ወደ ዕቃው ከመጨመራቸው በፊት በሚዛን ላይ አስቀመጥነው። ሦስት ጊዜ አስዘግነን ብንመዝን፣ ልዩነቱ ጥቂት ግራም ብቻ ሆነ። «እጄ ያውቀዋል» ያሉት እውነታቸውን ነበር፤ እጃቸው ሚዛን ነው። የሚዛኑ ጥቅም እጃቸውን ለማረም አልነበረም፤ እጃቸው የሚያውቀውን ለእኛ ለማስተላለፍ ነበር።

አሁን ለተቃዋሚዎቼ መልስ ልስጥ።

አንደኛ፣ «ኩረጃ ነው» ለሚሉት፦ በየቀኑ የምንበላው ወጥ ያለ በርበሬ ምን ይሆን ነበር? በርበሬ ግን ኮሎምበስ በ1492 ከተሻገረ በኋላ ከአሜሪካ ወደ ቀረው ዓለም የተዛመተ ተክል ነው። በእንጦጦ ላይ የምናየው ባሕር ዛፍም በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1887 ዓ.ም. ገደማ የገባ የአውስትራሊያ ዛፍ ነው። ዛሬ በርበሬን የባዕድ ነገር የሚል ማን ነው? አያቶቻችን የመጣውን ነገር ተቀበሉ፤ አድልዘው፣ ከቅመማቸው ጋር ደልዘው፣ የራሳቸው አደረጉት። ኩረጃ ማለት ሳያስቡ እንዳለ መውሰድ ነው። ምሳሌውም የሚናገረው ስለ ተውሶ ወርቅ ነው፤ የተውሶ ወርቅ ለባለቤቱ ይመለሳል፤ የተማሩት ሙያ ግን አይመለስም። እንዲያውም ኩረጃ የምለው ሌላ ነገር ነው። ድፎውን ትተን ለገና በሣጥን የታሸገ ኬክ ገዝተን ስንገባና ዘመናዊ የሆንን ሲመስለን፣ ያን ጊዜ በእውነት ኮርጀናል፤ ምንም ሳንማር ገንዘብ ከፍለናልና።

ሁለተኛ፣ «ወንድ ልጅ በማጀት ምን ይሠራል?» ላሉኝ፦ «ሴት ወደ ማጀት፣ ወንድ ወደ ችሎት» የሚለውን አባባል አውቀዋለሁ። ነገር ግን በከተማችን ዳቦ ቤቶች ሌሊቱን ሙሉ ሲጋግሩ የሚያድሩትን፣ በሆቴሎችም ነጭ ቆብ ደፍተው የሚታዩትን ብንቆጥር ብዙዎቹ ወንዶች ናቸው። የኑረንበርግ የሙያ ማኅበር ባለሙያዎችም ወንዶች ነበሩ። ያው አንዱ ሥራ ደመወዝ ሲኖረው የወንድ፣ ደመወዝ ሳይኖረው የሴት የሚሆንበት ምክንያት አይገባኝም። ከእንጦጦ ጫካ ጀርባቸው እስኪጐብጥ እንጨት ተሸክመው ዳገቱን ሲወርዱ የኖሩት ሴቶች መሆናቸውን ይህ ሰፈር ያውቃል። ከምድጃው በስተጀርባ ያለውን ድካም ያላየ ወንድ የዳቦውን ዋጋ አያውቅም።

ሦስተኛ፣ «ማር ውድ ነው፤ ይህ የባለጠጋ ጨዋታ ነው» ለሚሉት፦ ይህ ተቃውሞ ከሁሉ ይልቅ ከባድ ነው፤ በቀላሉም አላልፈውም። ማር በእርግጥ ውድ ነው። ነገር ግን ይህ ብስኩት በበዓል ሰሞን ዋጋቸው የሚንረውን ቅቤንና ዕንቁላልን አይጠይቅም፤ ከማሩም እኩሌታውን በስኳር መተካት ይቻላል። ከአንድ ሊጥም ለጎረቤት የሚዳረስ ያህል ይወጣል። ይህም የማይቻለው ቤት ቢኖር ብስኩቱን ይተወው፤ ምንም አይጐድለውም። ሚዛኑንና ብዕሩን ግን አይተው። የአንዲት እናትን ዳቦ ጽፎ ለማስቀመጥ የሚያስፈልገው አንድ ወረቀትና አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው፤ ሚዛን የሌለው ከባለ ሱቅ ቢለምን አይነፈግም።

«የባልትና መጻሕፍት በአማርኛ ታትመው የለም ወይ?» የሚልም ይኖራል። ታትመዋል፤ መታተማቸውም ደግ ነው። ነገር ግን መጽሐፍ ድፎ ዳቦን በጠቅላላው ይናገራል እንጂ የአንዲቱን የእንጦጦ እናት ድፎ አይናገርም። በየካ ሚካኤል አካባቢ ያለችው እናት ከኮተቤዋ፣ ከጎንደር የመጣችው ከመንዝ ከመጣችው በቅመሙም፣ በእርሾውም፣ በሚያድርበት ሰዓትም ትለያለች። ይህን ልዩነት ሊጽፍ የሚችል በዚያ ቤት የሚኖር ሰው ብቻ ነው፤ ይኸውም እኛ ተማሪዎች ነን።

ስለዚህ አሳቤን በሦስት ልመና እደመድማለሁ።

ለጓደኞቼ፦ በሚመጣው ክረምት የዕረፍት ጊዜ እያንዳንዳችን ከቤታችን አንድ ዳቦ ወይም አንድ ቂጣ መርጠን፣ የሚጋግሩልንን እናት፣ አያት ወይም አክስት እጅ በሚዛን እየተከተልን እንጻፍ። የዱቄቱን ልክ፣ የቅመሙን ልክ፣ ሊጡ የሚያድርበትን ሰዓት፣ የእሳቱን ዓይነት፣ ሰፈሩንና ያስተማረችንን ሰው ማንነት እንጨምርበት። ከዚህ በፊት ሚዛን ነክቶ የማያውቅ ቢኖር በጀርመኖቹ ብስኩት ይለማመድ፤ ልኩ የታወቀ ስለ ሆነ ለጀማሪ ይመቻል፤ ከተበላሸም የሚጠፋው ጥቂት ዱቄት ነው።

ለመምህራኖቻችን፦ የፊዚክስና የኬሚስትሪ መምህራን ሊጥ ለምን እንደሚነፋ፣ ከፍታ ጋገራን እንዴት እንደሚለውጥ በክፍል ውስጥ ቢያሳዩን፣ በሰሌዳ ላይ የምናየው ትምህርት ወደ ቤታችን ይገባል። የመጽሔታችን አዘጋጆችም በሚቀጥለው ዓመት ለእነዚህ ጽሑፎች ጥቂት ገጾች እንዲያተርፉልን በትሕትና እጠይቃለሁ።

ለወላጆቻችን፦ ወንዱም ሴቱም ልጃችሁ ሚዛንና ደብተር ይዞ ወደ ማጀት ሲገባ አትሣቁበት፤ «የኔማ ምኑ ይጻፋል» ብላችሁም አትመልሱት። የእናንተ ካልተጻፈ፣ ነገ ልጆቻችን ማንበብ ሲጀምሩ የሚያገኙት የሰው አገር ዳቦ ብቻ ይሆናል።

የእማማ ድፎ አሁን በደብተራቸው ላይ ተጽፎአል፤ ከገናው ብስኩት ቀጥሎ ባለው ገጽ ላይ ይገኛል። የአያቴን ግን ከእንግዲህ ማንም ሊጽፈው አይችልም። የእናንተን ለመጻፍ ጊዜው አላለፈም።